ቆርቆሮ

መንገዳችን ወንዝ ነው፤ ሲረጋ መኪና ያልፍበታል፤
ሲቀልጥ ዓለም ይዘጋል፣ ትንኝ ብቻ ይመጣል።
ከዚያ ወዲያ ጥድ ነው፤ ከጥዱም ኋላ ጥድ፣
ሦስት ቀን በአጋዘን ቢጓዙ ጭስ የማይታይበት፣ የማይገኝበት ዘመድ።

ከተማችንን የቆረቆራት ቆርቆሮ ነው፤
ጥቁር ድንጋይ፣ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲያነሡት ክንድ የሚገነጥል።
አምስት ሺህ ነበርን። ሲኒማ ነበረን። መዋኛ ገንዳም፤
ውጭ ምራቅ መሬት ሳይነካ ጠጠር ሲሆን
እኛ ውስጥ በቁምጣ እንንቦጫረቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ሦስት ሰዎች በሄሊኮፕተር መጡ፣
ጓንታቸውን ሳያወልቁ
«ሥሩ ደርቋል» አሉ። ፈረሙ። ሄዱ።
በዚያው ዓመት ሰው ከነመጋረጃው፣ ከነበሩ ማጠፊያ
ነቅሎ ተከተላቸው።

አርባ ሁለት ቀረን፤ ውሾቹን ሳንቆጥር።
እኔ ቱያራ የማሞቂያ ቤቱን እሳት እጠብቃለሁ፤
ካንቀላፋሁ ቧንቧው ይፈነዳል፣ ከተማው በአንድ ሌሊት ይደርቃል።
ስለዚህ ወንበሬ ሦስት እግር ነው፤
እንቅልፍ ከወሰደኝ እወድቃለሁ።

በጥር ፕሮኮፒ ሞተ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዷን ሲበሳት የኖረ፣
ለእሱ ጊዜ ምድር አልከፈትም አለች።
ዶማው ሲያርፍባት እንደ ደወል ጮኸች፤
ብልጭታ እንጂ አፈር አልሰጠች።
እኔ ፍም በባልዲ፣ ዛካር የጥድ ግንድ፣
ሊቀብር የመጣው ልጁ ጋቭሪል አሮጌ ጎማ ይዘን
ሦስት ቀን ሦስት ሌት አነደድንባት።
ስንዝር ትለቃለች፤ ስንዝር እንቆፍራለን፤ ደግሞ እሳት።
ከወንዙ ማዶ ተኩላ ቁጭ ብሎ ያየን ነበር፣
ደሞዝተኛ ይመስል።

በሦስተኛው ማለዳ፣ ጉድጓዱ ደረታችን ሲደርስ፣
የዛካር ዶማ ድምፁን ለወጠ።
ጎንበስ አለ። ጓንቱን አውልቆ በመዳፉ ጠረገ።
ጥቁር። የሚያብለጨልጭ። ጭን የሚያክል ሥር፣
በራስጌ ገብቶ በግርጌ የሚወጣ፣
ወደ ጫካው የሚነጉድ።

ማንም አልተናገረ።
ጋቭሪል ፈገግ ሊል ነበር፣ ጢሙን በረዶ ያዘበት።
ዛካር እኔን አየኝ፤ እኔ የጭስ ማውጫዬን አየሁ፣
እሳቴ እንዳይጠፋ።
ለአንዲት ቅጽበት ሲኒማው በራ፣ ገንዳው ሞላ፣
አንድ ልጅ ከመወርወሪያው ጫፍ ዘለለ፤
ውሃው ሳይደርስ ጠፋብኝ።

ከዚያ ፕሮኮፒን በገመድ አወረድነው፤
«አልቋል» ባሉት ላይ በጀርባው አስተኛነው፤
አፈሩንም፣ ተመልሶ ሳይረጋ፣ ቶሎ ቶሎ መለስነው።

ጋቭሪል በመጋቢት፣ ወንዙ ሳይለቅ ይሄዳል። አልናገርም ብሏል።
ዛካርም አይናገርም፤
ከሚስቱ ጋር እንኳ የሚያወራው በዓመት ሁለቴ ነው።

እኔ ግን ሌሊት፣ በሦስት እግሩ ወንበሬ ላይ፣
ከተማ የሚቆረቁር ነገር የት እንደተኛ እያወቅሁ
አመድ ስዝቅ፣ ከሰል ስጨምር፣
እሱ ነው
የሚቆረቁረኝ።