የጥፍር ጫፍ ያህል

በአኪታ ክረምት፣ በረዶ ሲከመር፣
ጣራውን ተጭኖ መስኮቱን ሲሰውር፣
የጓዳ በርሜሎች ቁጭ ብለዋል በተርታ፤
ጎመን በጨው ታፍኖ፣ ዓሣ በጨው ተኝታ።

የኪሳቡሮ አባት የሄደው በጥር ነው፣
አካፋ እንደ ጨበጠ፣ ደጁ ላይ ወድቆ፤
ወንድሙም በጥር፣ ጣሳውን ሳያኖር፣
ቃሉ ካፉ ሳይወጣ፣ ግራ ጎኑ ደርቆ።
ሰው “የብርዱ ነው” አለ፣ ጥርን እየከሰሰ፤
ጨውን ማን ጠርጥሮት፣ ስንት ክረምት ያደረሰ!

ከጤና ጣቢያው ግን አንዲት ነርስ መጣች፣
በትንሽ ብልቃጥ ከሾርባው ቀዳች፣
ቁጥሩን አየችና
ቶሜዮን ወደ ጓዳ ጠራች፦
“ምላስ አኩራፊ ነው፣ በአንድ ቀን አይለምድም፤
ቀስ አርገሽ ቀንሽለት፣ አይነቃብሽም።”

ቶሜዮ ጀመረች። ሚሶው፣ ያ ጨዋማ ሊጥ፣ በየሳምንቱ
የጥፍር ጫፍ ያህል ጎደለ ከድስቱ፤
በምትኩ እንጉዳይ፣ ትንሽ የባሕር ሣር፣
ዝንጅብል ጣል አርጋ፣ የጓሮ ሽንኩርት ጭምር።

እሱ ፉት ይልና አየት ያደርጋታል፦
“አሮጊት፣ ምላስሽ ዘንድሮ አርጅቷል።”
“አርጅቷል” ትላለች።
ቀና ሳትል።

በአራተኛው ዓመት፣ ከእህቱ ቤት ድግስ፣
የድሮው ሾርባ ቀረበ፣ ያ የእናቱ ቃና፤
አንዴ ፉት ብሎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣
ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ አለና
“ባሕሩን ነው እንዴ የቀዳችው?” አላት።

ሲመለሱ፣ ደጃፉ ላይ፣ አካፋውን አንሥቶ፣
“ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሮ ዐውቄ ነበር” አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።
“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”
መልስ የለም። በረዶ ይጠርጋል።
ጥር ነው። አካፋው ይወርዳል፣ ይነሣል።