ሌላ ካለ ይገለጽ

ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ጅማ የደረሰው ቅጽ
ሰንጠረዥ ነው ሁሉ፣ ሰባት ሙሉ ገጽ።
ስንት ብር ወጣበት? ስንት ብር ተመለሰ?
የወረፋው ሰዓት፣ በስንት እጅ ቀነሰ?

ሞላሁት። አዌቱ፣ ከመስኮቱ ማዶ
ደፍርሶ ይጮኻል፣ በሐምሌ ዝናብ አብዶ።
የሰርቨሩ ዋጋ፣ የነዳጁ ወጪ፤
መብራት የጠፋ ቀን፣ የለም ካርድ አውጪ።

ሸምሲያን ጠየቅኋት፣ የካርድ ክፍሏን ሴት፣
መሰላል የወጣች፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
«አንቺንስ ምን ጠቀመሽ?» ዝም ብላ ቆየች፣
ወረቀት ያሻከረውን ጣቷን እያየች።

«አንድ ሰው ነበረ፣ ከሊሙ የመጣ፣
ሦስት ቀን ቆመብኝ፣ ካርዱ እየታጣ።
በአራተኛው የለም።
ከዚያ ወዲያ በህልሜ፣ ‹አገኘሽው?› ይለኛል፤
ማሽኑ ከገባ ግን፣ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ይኸ ስንት ብር ነው?
በየትኛው ዓምድ ነው፣ የሚደመረው?
ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ሁለት ጣት የምትሰፋ መስመር አለች፦
«ሌላ ካለ ይገለጽ።»
«እንቅልፍ» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ሙዘይን፣ በቀይ ከበበና
መለሰው፦ «በቁጥር ይምጣ!»
እኔም ቁጥር ጻፍኩ፦
«ሰባት ሌሊት፣ በሳምንት።»