በመዝገቡ ጠርዝ

ኮነቲከት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1746

ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ በረዶ ሆኖ ከቀንዱ ሥር፤
በትንፋሼ አሟሙቄ ልጽፍ ስጀምር
ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተሳለ፤
"ክሱ ይነበብ" አለ።

እሷ ችላ ሞተች። ችሎት ተሰየመ፣
ሦስት ክረምት አልፎ፣ ሣሯ ከለመለመ፣
የመቃብሯ ድንጋይ ወደ ወንዙ ከዘመመ።

ሄፕዚባ ፔክ ነው ስሟ። አንድ ጊዜ ጻፍኩት።
ከዚያ ወዲህ "ሟች" ነው፤ አርባ ጊዜ ቆጠርኩት።
እናቷ ከኢሳይያስ ቃል የመረጠችው፣
"ደስታዬ በእርሷ ነው" ማለት ነው ፍቺው።
ሕጉ ግን ፍቺ አይጠይቅም።

የነጋዴው ልጅ፣ ኤሊፋሌት ኮልተን፣
ጸጉሩን በጥቁር ሪባን አስሮ፣
ቆሟል ሰንሰለት ሳይነካው፣ ጫማውን አሳምሮ።
ከጎኑ ጄቤዝ ታፍት፤
ሐኪም የሚያሰኘው አንድ መጽሐፍና አንድ ጉጠት።

"ዱቄቱ ከምን ነበር?" ዳኛው ጠየቀ።
"ከጽድ" አለ ታፍት። "የጽድ ቅጠል ደቀቀ፣
በወይን ተበጠበጠ፣ ሰባት ሌሊት ጠጣች።
አልሆን ሲል…" እጁን አየ። ሌላ አንዲት ቃል አልወጣች።

ጽድ ብዬ ጻፍኩ። ጽድቅ ሊሆን አንድ ፊደል ቀረው፤
ብዕሬን አንሥቼ ጠበቅሁ፤ ማንም አልጨመረው።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ፦
"ፅንሱ ተንቀሳቅሶ ነበር?
ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ነው የሕጉ ነገር፤
ከተንቀሳቀሰ ግን ገመድም አለ፣ ግንድም አለ"
አለ ዳኛው፣ ደግሞ ተሳለ።

አዋላጇን ጠሩ፣ ሳይለንስ ግሪግስን፤
ዝምታ ማለት ነው፤ አላሳፈረችም ስሟን።

ተራው የእኅቷ ሆነ፣ የዘሩያ።
መዳፏን የአመድ ውሃ ልጦታል፤
ቀሚሷ የሰው ነው፣ ትከሻው ሰፍቷታል።
"ስለ ፅንሱ አላውቅም፣ ጌታዬ" አለች።
"እኔ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ጣቷን ነው፣
የብርድ ልብሱን ስፌት አንድ በአንድ ስትቆጥረው።
ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ደግሞ ካንድ ትጀምራለች።
ሊነጋጋ ሲል፣ ሰባት ላይ ቀረች።"

"ታዲያ ሦስት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?"
"ማን ጠየቀኝ?" አለች።

ይህን አልጻፍኩትም። ዳኛው እጁን አነሣ፤
ያን እጅ አየና ብዕሬም ረሳ።

አሥራ ሁለቱ ወንዶች፣ ሁሉም ባለ ርስት፣
ተመልሰው ገቡ ከእራት በፊት።
ኮልተን ነጻ ወጣ።
በሩ ላይ ቆሞ ጓንቱን እያጠለቀ
ስለ አንዲት ግልገል ፈረስ ዋጋ ጠየቀ።
ታፍት ሃያ ጅራፍ፤ አንድ ሰዓትም
መስቀያው ሥር ሊቆም፣ ገመዱ አንገቱ ላይ።
በማግሥቱ ግን ወህኒው ተገኘ ባዶ፤
የፈረስ ኮቴ አየን፣ በረዶው ላይ ወደ ምዕራብ ሄዶ።

እኔ ወጪውን ደመርኩ፣ እንደ ሥራዬ።
ለዘሩያ የምስክር አበል፣ አራት ሽልንግ።
ለወረቀት ሁለት። ለሻማ አንድ።
ለሟች የሚል መስመር የለም።

ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነስኩ፤
ስሟ ላይ ስደርስ ግን እጄን ሰበሰብኩ።
አንዴ ተቀብራለች።
መዝገቡን ስዘጋው ስሟ እርጥብ ነበረና
ከማዶው ገጽ ታተመ፣ ተገልብጦ፣
ከሻማው ዋጋ ሥር ተቀምጦ።

በጓሮዬ በኩል አንድ ጽድ አለ፣ አጭር፤
ሚስቴ ቅጠሉን ለብል ብላ ሣጥን ውስጥ ትበትናለች።
ልጄ በሚያዝያ አሥራ ሰባት ትሞላለች።
ትናንት ማታ መጥረቢያ ስዬ ወጣሁ።
ግንዱን በእጄ ዳሰስኩ። ብርዱ እስኪገባኝ ቆየሁ።
ከዚያ ተመልሼ መጥረቢያውን ሰቀልኩት።
ለምን እንደሆነ
በየትኛውም ገጽ አልጻፍኩት።