ሂን

ነገ ፈተና ነው ብላ፣ ልጄ ዘምዘም በማታ
መጣች፤ የዜግነት መጽሐፏን ጭኔ ላይ ዘርግታ።
«ብዙ ልሳን፣ ብዙ ሕዝብ ያቀፈ አንድ አገር
ፌዴራል የሚሆነው ለምንድን ነው? በአምስት ነጥብ ዘርዝር።»

አምስት የለኝም ልጄ፤ ያለችኝ ትንሽ ቃል ናት፣
አያትሽ እዚሁ ባቲ፣ በአንድ ሰኞ የጣላት።

ፍርድ ቤቱ ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣
ከታች ጨው እየተሰፈረ፣ የግመል አቧራ ሲመጣ፣
ዳኛው ከሩቅ የተላከ፣ አማርኛው የጠራ፣
ፊቱ የቆመው ገበሬ፣ ስሙ ሙህዬ ቡሽራ።
ነገሩ የተሰረቀች ጊደር። «አይተሃል?» ተባለ።
«ሂን አርጊኔ» አለ።

አላየሁም ማለቱ ነው። ሂን ስትወድቅ ግን «አየን» ነው የሚቀረው።
አያትሽ አበጋዝ ክፉ አልነበረም፤ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ነው ያደረው፤
አልሰማትም፤ ወይ ሰምቶ ዋጣት። «አይተናል ይላል» አለ።
ብዕሩ ጻፈ። የሙህዬ ሦስት ዓመት በዚያች ቀለም ተጠቀለለ።

ሲወስዱት የሆነው ነው አያትሽን የሰበረው፦
ሙህዬ ጎንበስ ብሎ፣ ስለደከምክልኝ ብሎ፣ እጁን ሳመው።
ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ ይጾም ነበር እስኪሞት፤
ሱና ነው ይላሉ ሰዎቹ። እኔ ነኝ የማውቅለት።

ዛሬ ዳኛዋ በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ ትሰማለች፤
የሙህዬ የልጅ ልጅ ቢቆም፣ ሂን በራሷ እግር ትገባለች፣
ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ያለ አንድ አስተርጓሚ።
ግማሽ እንጀራዬ ቀረ። ይቅር፤ ተገኘ ሰሚ።

ግማሹ ግን አለ። ያለፈው ሰኞ ከሐይቅ፣
ደገፋው የሚሉት የበርበሬ ነጋዴ፣ ኦሮምኛ የማያውቅ፣
ተከሶ ቆመ። «አላየሁም» አለ። ላብ አጠመቀኝ።
ያቺን «አል» እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ፣
ከአፉ እስከ ዳኛዋ ጆሮ፣ የአገር ያህል ተጉዤ፣
ሳትሰበር አስረከብኩ።

ያጣላ መስመርም አውቃለሁ፤ ካርታ ላይ ሲሰመር ቀጥ ያለ፣
መሬት ላይ ሲወርድ የጎረቤትን በሬ ከውሃው የነጠለ።
እሱን ፈተና ላይ አይጠይቁሽም።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ አንድ ነው» አለች እርሳሷን እየነከሰች።
«አራቱስ?»

አራቱን ከመጽሐፉ ቅጂ።
እቺን ግን በራስሽ እጅ «ሂን» ብለሽ ጻፊ።
መምህሩ ካልገባው
ይጥራኝ፤ ሰኞ ችሎት ነኝ።