በእርሳስ የተጻፈ ቀን

መስከረም ሲጠባ ሮሻ ትደውል ነበር፤
«ኑአላ፣ ነይልኝ፣ ብርዱ ሳይጀምር።»
ሦስት መስከረም አለፈ፣ ስልኩ ዝም እንዳለ፤
እኔም አልጠየቅሁም፤ ሥራ ሲያዋክበኝ ቀን በቀን ላይ ዋለ።

ዘንድሮ በኅዳር ማናስ ደወለልኝ፤
«ማሞቂያው ያስነጥሳል፣ እስኪ መጥተሽ እይልኝ።»
ዶኒጎል ነው ቤቱ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ፣
ዝናብ እንደ ጠጠር በጎን የሚመታው፣ ብቻውን ኮረብታ ላይ።
መስኮቱን በጨርቅ፣ የበሩን ሥር በጋዜጣ ጠቅጥቆ፣
ሙቀት እንዳያመልጥ እንደ ገንዘብ ጠብቆ፣
ተቀምጧል ወንበሩ ላይ፣ ሻዩ ፊቱ ቀዝቅዞ፣
ግንባሩን በመዳፉ ይዞ።

«ማታ ማታ» አለኝ «ራሴን ይወጋኛል፣
ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ደረቴ ይከብደኛል፤
በጎቼ ዘንድ ስወጣ ለቀቅ ያደርገኛል።
ሐዘን ነው። ሮሻ ከሄደች ወዲህ ነው። ምን ይደረጋል?»

እጄ ባለበት ቀረ።
ሐዘንን አውቀዋለሁ፤ አባቴን ስቀብር ከኔ ጋር ነበረ፤
ሜዳ ስወጣ ወጣ፣ መኪና ስነዳ አጠገቤ ተቀመጠ፤
መች ደጃፍ ሲደርስ «በቃኝ፣ እዚህ ልቅር» ብሎ አመለጠ?

«ተነሥ» አልኩት። «ውጣ። ካፖርትህን ተወው፣ ውጣ!»
ማብሪያውን አጠፋሁት፣ መስኮቱን በረገድኩት፤ ነፋስ ከነጨው መጣ።

ከግድግዳው ላይ አለች አስጠንቃቂዋ ሣጥን፤
ሆዷን ብከፍተው ባዶ። «ማናስ፣ የት አደረስከው ባትሪዋን?»
«ሬዲዮኑ ውስጥ» አለ፣ ጫማውን እያየ፤
«የበግ ዋጋ ልስማ ብዬ ነው፤ እመልሰዋለሁ ስል ቆየ።»

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ደሙን አይተው፣ ኦክስጅን ሰጥተው አሳደሩት፤
«ሌላ አንድ ሌሊት እዚያ ቢያድር» ብለው ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

በማግሥቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ብረቱ በርዷል፤
ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል፣ የላምባው ቧንቧ ተዘግቷል።
ሁለቴ አየሁ፣ ሦስተኛም። አባቴ ይል ነበር፦
«ጠፍቷል ያሉትን የሚጠራጠር፣ እሱ ነው ጣቱን ቆጥሮ የሚያድር።»

ጭምብሌን አጠለቅሁ፣ ማቃጠያውን ፈታሁ፣
ጥቀርሻው እንደ ጥቁር በግ ለምድ ወፍሮ አየሁ።
የሆዱን ሰሌዳዎች ባወጣሁበት ተራ ደረደርኩ፣
ፋቅሁ፣ በማሽን መጠጥኩ፣
ደግሜ ፋቅሁ፣
አንድ ከረጢት ሞላሁ።

አፍንጫ ይሉታል፣ ላምባውን እንደ ጉም የሚረጨውን፤
ስሙ አፍንጫ ይሁን እንጂ አያሸትም የሚገድለውን።
የኔም አያሸትም። ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ኮቴ የለው።
አሮጌውን ጣልኩ። የአዲሱን ጫፍ በጣት አልነካሁም፤
የጣት ወዝ የነካው ቀዳዳ፣ እሳቱ ዓመቱን ሙሉ ሲያነክስ ይከርማል።

ከዚያ መሰላል ወጣሁ። ጭስ ማውጫው አንገቱ ታንቋል፤
ቁራ ጎጆ ሠርታበት፣ ጭራሮ በጭራሮ ላይ ታጭቋል።
ምንጣፉ ሱፍ ነው፤ የማናስ በጎች ሱፍ፣ ቀይ ምልክቱ ገና ያልለቀቀ።
ልጆቿን አሙቃ ሄዳለች። ምን በደለች?
እሷም እንደሱ፣ ነፋስ የሚገባበትን ደፈነች።

አነደድኩት። መለኪያውን ጭሱ ውስጥ ሰድጄ ቁጥሩ እስኪወርድ ቆምኩ፤
አዲስ ሣጥን ሰቀልኩ፣ ቁልፏን ነካሁ፤
ጮኸች። ደስ አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ።

ማናስ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆመ፤
ገባ፣ ተቀመጠ፣ አመሸ፤ ራሱን ዳሰሰ፣ አልታመመ።
«ታዲያ» አለ «ሐዘኔ ጭስ ነበር እንዴ?»

ምን ልበለው? የጭስ ነው መሣሪያዬ፤ የሌላውን አልያዝኩም።

የማሞቂያውን መክደኛ ገልብጬ አሳየሁት፤
የሮሻ እርሳስ፣ ዓመት በዓመት፣ ቀኑና ስሜ ተጽፎበት።
ብዙ አየው። ጣቱን በፊደሎቿ ላይ አልፎ አልፎ አሳረፈ።
ከዚያ ለሦስቱ መስከረም ባዶ ቦታ ትቶ፣ ዘሎ፣
የዛሬውን ቀን ጻፈ፤ ከሥሩም በደቃቁ እንዲህ ብሎ፦

«ለሬዲዮኑ ባትሪ ይገዛ።»