ስትግል የሚያማት

ጠዋት ነገር የላትም። ጣና ጭጋግ ለብሶ፣
ታንኳው ከደንገሉ ዳር ዓሣ አግበስብሶ፣
ቁልፉን ገና ሳዞር «እሺ» ትለኛለች፣
በረዶና አምባዛ ጭና ትሄዳለች።

ችግሯ ቀትር ነው። ሚያዝያ፣ ስድስት ሰዓት፣
ዘንባባው ጥላውን ከእግሩ ሥር ሲያጥፋት፣
ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ሞተር አጠፋለሁ፣
ቀረሶ አስመዝኜ ሒሳብ እቀበላለሁ፤
ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ።

ስመለስ ያኔ ነው ጣጣዋ።
ታጓራለች፣
ትንዘፈዘፋለች፣
አንዴ ይዛ ሁለቴ ትለቃለች፣
በማርሚታዋ ጥቁር ጢስ ትተፋለች።
ሰፈሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤
አስተናጋጁ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይወጣል፦
«ዓሣ ነጋዴው ሊሄድ ነው፣ ክንዳችሁን አዘጋጁ!»

ያላያት የለም።
አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ አራቱንም ለወጠ፤
አንዱ ቦቢና ነው አለ፣ ብሬን ቆረጠመ፤
አንዱ ፑንቲናዋን በብርጭቆ ወረቀት ሞረደ።
ሁሉም ያዩዋት ጠዋት፣ ቀዝቅዛ ሳለች፣
ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደሚተው ራስ ምታት
ቀጥ ብላ እየተነሳች።

ዓባይ ማዶ፣ ከሾላው ሥር፣ አንድ ሰው አለ፤
ስሙ አበጠር ነው፣ ገለባ ከፍሬ የሚለይ እንደ ስሙ።
ኮፈን አልከፈተም።
«ቀዝቅዛ አምጥተህ ምኗን ልይልህ?
የሚያማት ስትግል ነው። አግለህ አምጣት።»
የቤዛዊትን ዳገት ሁለቴ በሁለተኛ ማርሽ አስወጣኝ፤
መልሶም ከሾላው ሥር አስጠፋኝ።

ሩብ ሰዓት ዝም አልን።
እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ዓባይን።
ውሃው ላይ ጉማሬ ይሁን ድንጋይ
ያልለየሁት አንድ ጥቁር ነገር ነበር።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አንስቶ
በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ቁልቁል የእጅ ባትሪ አበራ።
«ና እይ።»
ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።
ቤንዚኑ ግን ጠብ፣
ጠብ፣
ማንም ሳይጠራው።

«ጠፍታም ትጠጣለች፤ አየህ?
የሥሩ ብረት ያፈላባታል፣ እሷም ትገነፍላለች።
የምታስላት አጥታ አይደለም፣ ጠግባ ነው፤
እናንተ ደግሞ ነዳጅ ረግጣችሁ ትጨምሩባታላችሁ።
ለሰጠመ ሰው ውሃ ይቀርባል?»

አራቱን ብሎን ፈታ።
«እዚህ ጋ ጣት የሚያህል ባኬላይት ነበር፣ ሙቀት የሚመልስ።
የትኛው ጨካኝ ነው አውጥቶ ካርቶን የተካበት?»
በካቻቢቴ ጫፍ ልጦ ወደ ብርሃን አነሳው።
ጠርዙ ከስሏል፣ ቤንዚን ጠጥቶ ጠቁሯል፤
በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ግን
በእርሳስ የተጻፈ ይነበባል፦
«አምባ»።

የእጄ ጽሑፍ።
ካቻምና፣ ዘጌ መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
ባኬላይቱ ተሰንጥቆ፣ በረዶው እየቀለጠ፣
ከዓሣ ካርቶን በምላጭ ቆርጬ
«ለዛሬ» ብዬ ያስገባሁት።
ለዛሬ ያልኩት ሁለት ክረምት ተሻገረ።

«መንገድ ላይ ያገኘሁት መካኒክ ነው» አልኩ።
ድምፄ እንደ ሞተሯ ተቆራረጠ።
አበጠር የካርቶኑን ፊደል አየ፣
በረዶ ሣጥኔ ላይ የጻፍኩትን አየ፣
ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገ።

ከሞተች ዲኤክስ ደህናውን ነቅሎ ገጠመ፤
መርፌ ቫልቩን ቀየረ፣
የተንሳፋፊውን ምላስ የጥፍር ውፍረት ያህል አጎነበሰ፤
ሚኒሞዋን ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው አስተካከለ።
ሒሳቡ ካንዴላዎቹን አያህልም።
ሁለት ቀረሶ ጨመርኩለት። አንዱን መለሰ።

በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት፣ ሆቴሉ ደጃፍ፣
አስተናጋጆቹ ተሰልፈው፣ መዳፋቸው ኋላዋ ላይ፣
«አንድ፣ ሁለት» ሲሉ
ቁልፉን አዞርኩ።

«እሺ» አለች።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።
እኔም ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመንጃ ፈቃዴ አጠገብ፣
የከሰለውን ካርቶን አየሁት፤
ጽሑፉን ወደ ታች ገለበጥኩት፣
ጥቂት እንደነዳሁ ደግሞ መለስኩት።