የፈረስ ቤት ውርጭ

ጥር ነው፤ ፈረስ ቤት፤ ዳሱ በር የለውም፣
የጮቄ ነፋስ ግን ጥሪ አያሻውም።
ከሚዜዎች ቀድሞ ሰተት ብሎ ገባና፣
ወንዱን ከነዱላው ጠቀለለው በባና።

አንማው ከበሮውን በጭድ እሳት አሙቆ፣
ሁለቴ መታና ተወው፤ ጣቱ ደርቆ።
የኔ መሰንቆማ ቆዳዋ ላልቶባት፣
ጉንፋን እንደያዘው በግ ሳል ብቻ ቀረላት።
ጣቴን ከብብቴ ሸጉጬ ጠየቅሁት፣
«የማን ነህ?» እያልሁ፤ መልስ አላገኘሁበት።

«ይቅርባችሁ» ሊለን ባለ ሰርጉ ሲያመነታ፣
ይታይሽ ብድግ አለች ባናዋን ፈትታ፣
መሰንቆዬን አለበሰቻት፤ እንደ ልጅ፤ ዝም ብላ።
እሷ በነጠላ።

ትከሻዋ ራደ። ብርድ ነው አልን፤ ብርድ ነበር።
አንማው ዓይኑን ጣለባት፤ በዚያው ልክ ይመታ ጀመር።
የሞቀች መሰንቆዬን አቅፌ ደጋኑን ሳብሁ፣
መንዘፍዘፏን ተከትዬ፤
የቱ ላይ ብርዱ አልቆ እስክስታ እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅሁ።

ባናው ሁሉ ወለቀ፤ ዱላው ሁሉ ወጣ፤
እኩለ ሌሊት ላይ ሌላ ነፋስ መጣ፣
ደጅ ቆሞ ቀረ፤ መግቢያ ቦታ አጣ።

ሲነጋ ባናዋን ይዤ ብሄድላት፣
የመሰንቆዬ ሳል ወደሷ ዞሮባት።